የፊታውራሪው ማብሪያ ማጥፊያ

(መካነ ሰላም፣ መሬት ላራሹ በታወጀ በዓመቱ። የሸሹት ፊታውራሪ ቆርቆሮ ቤት የቀበሌ አዳራሽ ሆኗል። ጀምበር እየጠለቀች ነው። ጓሮ ያለው ሞተር ይጮኻል፤ ከጣሪያው የተንጠለጠለው አምፖል ግን ጨልሟል። የቀበሌው ኮሚቴ አባል አድማሴ ግድግዳው ላይ ካለው ማብሪያ ማጥፊያ ጋር ይታገላል። የቤቱ የድሮ አሽከር ይማም ኩራዝ ይዞለታል።)

አድማሴ፦ ወደ ላይ ነው አልኩህ።

ይማም፦ ወደ ታች ነው። ፊታውራሪ ሁልጊዜ ወደ ታች ነበር የሚጫኑት።

አድማሴ፦ እሱ በድሮው ጊዜ ነዋ። ያኔ ሁሉም ነገር ወደ ታች ነበር የሚጫን። አሁን የተጨቆነው ቀና ያለበት ዘመን ነው፤ ወደ ላይ። (ቀጭ ያደርገዋል። አይበራም።)

ይማም፦ አዋጁን አልሰማ ይሆናል።

አድማሴ፦ አርፈህ ኩራዙን ያዝ።

ይማም፦ እኔ ምልህ አድማሴ፣ ጓዳ ገባ ብዬ ልምጣ?

አድማሴ፦ የምን ጓዳ? ማብሪያው እዚህ፣ አምፖሉ እዚያ። ጓዳ ምን አለህ፣ ራበህ?

ይማም፦ መራቡስ ርቦኛል፤ ግን…

አድማሴ፦ ቻለው። ከደሴ የሚመጡት የመንግሥት እንግዳ አቀስታ ከተማን አልፈዋል ተብሏል። «የፊታውራሪው መብራት ለሰፊው ሕዝብ ይበራል» ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ሳይበራ ከደረሱ ምን እንደምባል ታውቃለህ? አሻጥረኛ።

ይማም፦ አሻጥረኛን ምን ያደርጉታል?

አድማሴ፦ መብራት የሌለበት ቤት ያስገቡታል።

ይማም፦ ያረቢ። አንተ ቤት ትገባለህ፣ እኔ ከቤት እወጣለሁ።

አድማሴ፦ የት ልትሄድ?

ይማም፦ ነገ ልቀቅ ብላችሁኝ የለ? ሚስቴን ፈዲላን ከነልጇ ይዤ የት እንደምወድቅ አላህ ይወቀው። በሬዎቼን እንደሆነ ያ የድርቁ ክፉ ቀን ጨርሷቸዋል።

አድማሴ፦ አብሽር፣ የከፋ ነገር አይመጣም። የፊውዳል አሽከር እዚህ ግቢ አይኖርም ተብሎ ተወሰነ። እኔም እጄን አወጣሁ፤ ጠልቼህ እንዳይመስልህ፣ ሁሉም ስላወጣ ነው።

ይማም፦ አውቃለሁ። የኔንም እጅ ጎትተህ ያወጣኸው አንተ ነህ።

አድማሴ፦ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ እንዲሆንልህ ብዬ ነው። በል ቢላዋውን አቀብለኝ።

ይማም፦ ለኤሌክትሪክ ቢላዋ ይሆናል?

አድማሴ፦ ስማ፣ እኔ ደሴ የኖርኩ ሰው ነኝ። የተኛሁበት ክፍል መስኮቱ ከመብራት ምሰሶ ፊት ለፊት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ እያየሁ ነው የከረምኩት። (ቢላዋውን ወደ ማብሪያው ሰዶ ወዲያው ወደኋላ ይፈናጠራል።) እሰይ፣ ነዘረኝ።

ይማም፦ ታመምክ?

አድማሴ፦ ልማድ ነው፤ ባለሙያን አይጎዳም። ኃይሉ እስከዚህ መጥቷል ማለት ነው። ችግሩ የማብሪያው ምላስ መድረቁ ነው። የጠመንጃ ምላጭ ሲደርቅ ምን ይደረጋል?

ይማም፦ ቅቤ።

አድማሴ፦ ታዲያስ። ሂድና ከፈዲላ አምጣ።

ይማም፦ ኧረ አድማሴ፣ ለልጁ ራስ እንኳ የተረፈችው ትንሽ ናት።

አድማሴ፦ ለልጁ ብርሃን እያመጣሁለት አይደል?

(ይማም ሄዶ በቅጠል ቅቤ ይዞ ይመለሳል። አድማሴ ማብሪያውን አጥግቦ ይቀባዋል። ወደ ላይ፣ ወደ ታች ያደርገዋል። አይበራም።)

ይማም፦ ወዝቷል፤ ግን አልበራም። አሁን ጓዳ ልግባ?

አድማሴ፦ ምን ጓዳ ጓዳ ትላለህ አንተ ሰውዬ፣ ምጥ የያዛት ሴት አለች? ልሳበው እስቲ፤ ደግፈኝ።

(ሁለቱም ይጎትታሉ። ማብሪያው ከነልስኑ ይነቀላል። ተያይዘው ይወድቃሉ። ይማም ተነሥቶ ኩራዙን ወደ ቀዳዳው ያስጠጋል።)

አድማሴ፦ ምን ይታይሃል?

ይማም፦ ጭድ።

አድማሴ፦ ከጭዱ ኋላ?

ይማም፦ ጭቃ።

አድማሴ፦ ሽቦውስ?

ይማም፦ ሽቦ የለም። መቼም ኖሮ አያውቅም።

አድማሴ፦ (ቀዳዳውን ራሱ ያየዋል።) የለም?

ይማም፦ ቅድም ምን ነበር የነዘረህ?

አድማሴ፦ እሱን ተወው። ይኸ ቤት ሲበራ እኮ አገሩ ሁሉ በዓይኑ አይቷል። ፊታውራሪው ተነሥቶ ይጫናል፣ ቤቱ ቦግ ይላል።

ይማም፦ እሳቸው ይጫናሉ፤ የማበራው እኔ ነኝ። ሽቦ የሚዘረጋው ሰውዬ ጓዳ ሲደርስ ሽቦ አለቀበት። ላምጣ ብሎ እንደሄደ ቀረ። ፊታውራሪ ደግሞ ለምርቃቱ የዚህን የቦረናን ሰው ሁሉ ጠርተዋል። ማብሪያውን ጭቃው ላይ አስለጠፉና «ይማም፣ ጓዳ ግባ። እኔ ሳል ሳደርግ ሁለቱን ሽቦ አገናኝ» አሉኝ። ገባሁ። እሳቸው እስኪሸሹ ከዚያ ጓዳ የወጣሁ አይመስለኝም።

አድማሴ፦ አስረህ አትተወውም ነበር?

ይማም፦ አንዱ ጫፉ አጭር ነው፤ ለመቋጠር አይበቃም። በደረቅ ቁርበት ይዘህ አጥብቀህ ትገፋዋለህ። በዚያ ክፉ ቀን እንኳ እንግዳ ይበላል፣ እኔ ጨለማ ውስጥ ብርሃናቸውን ይዤ የወጡን ሽታ እውጣለሁ። አንዳንዴ ሆድ ይብሰኝና አለቅሳለሁ። እጄ ሲንቀጠቀጥ መብራቱ ይርገበገባል። ፊታውራሪ «ሞተሩ ነው» ይሏቸዋል ለእንግዶቹ።

አድማሴ፦ እንዲህ ያለ ነገር ይዘህ እንዴት ዝም ትላለህ?

ይማም፦ መች ዝም አልኩ? ኮሚቴው «የፊታውራሪ ቤት ሥራህ ምን ነበር?» ሲለኝ «መብራት» አልኳችሁ። አንተ ከወንበርህ እስክትወድቅ ሳቅህ።

(ከውጭ የመኪና ጥሩንባ ይሰማል። ሕዝቡ ያጨበጭባል።)

አድማሴ፦ ደረሱ። ይማም፣ ወንድሜ፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ጓዳ ግባ። ማብሪያውን መልሼ እለጥፋለሁ፤ እኔ ሳል ሳደርግ አንተ ታገናኛለህ።

ይማም፦ አልገባም።

አድማሴ፦ ምነው?

ይማም፦ መሬት ላራሹ ከተባለ መብራትም ላብሪው ነው። ዛሬ የምጫነው እኔ ነኝ። አንተ ግባ።

አድማሴ፦ እኔ? የኮሚቴ አባል?

ይማም፦ ታዲያ አሻጥረኛ ትሆናለህ?

(አድማሴ ቁርበቱን ይቀበልና እያጉረመረመ ጓዳ ይገባል። ይማም ማብሪያውን በቅቤውና በጭቃው ለጥፎ ነጠላውን ያስተካክላል። እንግዳውና ሕዝቡ ይገባሉ። ይማም ኡሁ ብሎ ይጫናል። ቤቱ ቦግ ይላል። መብራት ሲበራ እንደ አገሩ ልማድ ሁሉም «እንደምን አመሻችሁ» ይባባላል። ይማም ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል።)

አድማሴ፦ (ከጓዳ፣ በሹክሹክታ) በራ?

ይማም፦ (ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ) እንደ ጉድ በራ። እንግዳው አቅፈው ሳሙኝ።

አድማሴ፦ ምን አሉ?

ይማም፦ «እንዲህ ያለውን ባለሙያ ከዚህ ቤት የሚያስወጣ የአብዮቱ ጠላት ነው» አሉ። ኮሚቴው በሙሉ እጁን አውጥቶ አጸደቀው። ፈዲላ ከደጅ ሆና ዕልል ስትል አልሰማሃትም? አልሐምዱሊላህ፣ ቤቴ ቀረልኝ።

አድማሴ፦ ደስ ብሎኛል፤ ከልቤ ነው። በቃ ልልቀቀው?

ይማም፦ ኧረ እንዳትነካው። ስብሰባው መጀመሩ ነው።

አድማሴ፦ ክንዴ እኮ ዛለ። ረጅም ነው?

ይማም፦ መነጽራቸውን አደረጉ። ውኃም አስቀርበዋል።

አድማሴ፦ ወይኔ። ስለ ምንድን ነው የሚናገሩት?

ይማም፦ ሰው የሰውን ጉልበት በነጻ መበዝበዙ ከዛሬ ጀምሮ አብቅቷል እያሉ ነው።

አድማሴ፦ የታለ ያበቃው?

ይማም፦ ዝም በል፣ ሕዝቡ ሁሉ ተነሣ። «ብዝበዛ ይውደም» እያላችሁ አጨብጭቡ ተብሏል። አንተም አጨብጭብ፤ ያላጨበጨበ ይታያል።

አድማሴ፦ በየትኛው እጄ?