የባሕር ትልና የቸኮል ዘር

ሚስት ለማግባት ያሰበ ሰው ሥራው በአንድ ቃል የሚነገር ቢሆን ይመረጣል። መምህር፣ ሹፌር፣ ነጋዴ፤ በቃ አለቀ። እኔ የቢቸናው ልጅ ግን ሥራዬ የባሕር ትል ዝርያ መለየት ነው። ቢቸና ላይ ደግሞ ባሕር የሚታወቀው በመዝሙረ ዳዊት ብቻ ነው። እናቴ እንኳ ጎረቤት ሲጠይቃት «አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ነው የሚሠራ» ትልና ወሬውን ቶሎ ወደ ዝናቡ ታዞረዋለች።

ነገሩ እኮ ከባድ አይደለም። ከባሕር የወጡ ሁለት ትሎች ቁርጥ መንትያ ይመስላሉ። ከእያንዳንዳቸው ትንሽ ሥጋ ይወሰድና ከዲኤንኤው አንዲት አጭር ቦታ በማሽን ትነበባለች። ሱቅ ዕቃ ላይ እንደሚታተመው ባርኮድ በሉት፤ ዝርያው ሌላ ከሆነ ኮዱም ሌላ ነው። መልክ ይዋሻል፣ ኮድ ያጋልጣል። ራስን ማመስገን አይሁንብኝና፣ በዚህ ሥራ የማልናቅ ሰው ነኝ።

መከራዬ የመጣው የሞጣዋን እናኑን ስወድ ነው። መውደድ ብቻ? አብጄ ነበር እንጂ! በደንቡ ሽማግሌ ሲላክ ጠያቂው ልጅ ቤቱ ይቀመጣል። የእናኑ አባት አቶ ይስማው ግን «የኮሶ ሐኪም ነው» የሚል ወሬ ሞጣ ገበያ ላይ ሰምተው ኖሮ፣ እሱ ራሱ ይምጣና እንየው አሉ። አጎቴን አያ ሞላን አስቀድሜ፣ ከረባቴን አስሬ፣ በሚኒባስ ሄድኩ።

ስለ ትሎቹ አሳምሬ አስረዳኋቸው። አቶ ይስማው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ምን ቢሉ ጥሩ ነው? የትሉን ዘር ማወቅህ ደግ፤ እስቲ አሁን የራስህን ሰባት ቤት ቁጠርልን! መቼም በእኛ አገር እስከ ሰባት ትውልድ የሚገናኝ ዘመድ አይጋባም። እኔ ቅድመ አያቴ ላይ ደርሼ ቀጥ። አያ ሞላ ገላምጠውኝ ቀጠሉልኝ፤ አምስተኛው ላይ «ቸኮል» ሲሉ አቶ ይስማው እጃቸውን አነሡ። ለካ በእነሱ በኩል ስድስተኛው ቸኮል ኖሯል! ጉድ ፈላ። ጓዳው በር ላይ የቆመችው እናኑ ፊቷ አመድ መሰለ።

ስም መመሳሰል ዘመድ አያደርግም፣ መንትያ የሚመስል ትልም ይለያያል ብዬ ጮህኩ። ለምስክርነት የተጠሩት መሪጌታ ታዲያ ማሽንህ ይለይልን አሉኝ። እኔ ሞኙ፣ እውነት ያስከብራል ብዬ፣ በዚያ ኮድ ከሆነ የሰው ልጅ ሁሉ አንድ ዝርያ ሆኖ ነው የሚወጣ አልኳቸው። መሪጌታ እጃቸውን አጨበጨቡ። ይኸው ራሱ ሁሉም አንድ ነው አለ፣ በዚህ ማሽን ከሄድን አገሩ ሳይጋባ ማለቁ ነው ቢሉ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው።

ይህን ጊዜ አያ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የእኛ ቸኮል የታወቀ ግራኝ ነበር፤ የእናንተስ? አሉ። አቶ ይስማው ልጃቸውን አየት አደረጓትና፣ የእኛማ የሚበላውም የሚቆርጠውም በቀኙ ነበር አሉ። እንግዲያማ ሁለት ሰው ናቸው! አሉና መሪጌታ መረቁን።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ፣ ቸኮል ግራኝ መሆኑን እንዴት አወቁ ብዬ ብጠይቃቸው፣ አያ ሞላ «ሚስት ነው ወይስ ታሪክ የፈለግኸው?» አሉኝ።

ተጋባን፣ ወለድን። ዘር ከልጓም ይስባል ያለው ሰው ላቦራቶሪ አልነበረውም። ልጃችን ማንኪያ መያዝ በጀመረ ሰሞን አቶ ይስማው ከአያ ሞላ ጋር ሊጠይቁን መጡ። ልጁ ማንኪያውን በግራው አንስቶ ገንፎውን ይዝቃል። ወደ ቀኙ ብናዞርለት መልሶ በግራው። አያ ሞላ ጣራ ጣራውን ያያሉ። አማቼ ግን ጎንተል አደረጉኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ አደራህን ያን ማሽን ለትሉ ብቻ አድርገው አሉኝ፤ የእኛም ቸኮል ግራኝ ነበር።