የግራ ክንፍ ላባ

እያንዳንዱ ሰው ነገሩ ሁሉ የተበላሸበት አንድ ቀን አለው። ብዙው ሰው ቀኑን አያውቀውም፤ እንዲያው በደፈናው «ድሮ ደህና ነበርኩ» እያለ ያረጃል። እኔ ግን አውቀዋለሁ። ሐሙስ ነበር። የቃና ዘገሊላ ማግስት።

ከከተራ በፊት በነበረው ዓርብ በመሥሪያ ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚላኩ የሦስት ሰዎች ስም ተለጠፈ። ሦስተኛው የኔ ነው። የደን ሳይንስ ምሩቅ ነኝ፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ዛፉን ሁሉ በላቲን ስሙ የምጠራ፣ ከዛፉ ይልቅ ስሙን የምወድ ወጣት ነበርኩ። ከዚያ ጎንደር ከተማው በሙሉ ቀሐ ወንዝ ወርዶ ሲዘምርና ሲረጭ ሰነበተ። ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ስገባ ዝርዝሩም እንደ ክርስቲያን ልጅ ተጠምቆ፣ አዲስ ስም ወጥቶለት ጠበቀኝ። ሁለቱ ስሞች እንዳሉ ናቸው፤ ሦስተኛው የሌላ ሰው ሆኗል። ከጥምቀት በፊት ሦስተኛ ነበርኩ፤ ከጥምቀት በኋላ አልነበርኩም።

ከሥር የፈረመው የዚያን ጊዜ ኃላፊዬ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ይህን ሲያነብ ራሱን ያውቀዋል፣ እናንተ ብታውቁት ደግሞ ምንም አይፈይድላችሁም። ለምን ብዬ ጠየቅኩት። «የበላይ አካል ነው» አለኝ። የበላይ አካልን ጠየቅኩ። «የቅርብ ኃላፊህን አነጋግር» አለኝ። ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ግልባጭ አደረግሁ፤ ለግልባጩም ግልባጭ አበጀሁለት። እሱ ጡረታ ወጣ። እኔ ታሪኬን ለጓደኛ፣ ለጎረቤት፣ ለለቅሶ ተቀማጭ፣ አዘዞ ለሚመላለስ ሚኒባስ ረዳት ሁሉ ስተርክ ኖርኩ። ዲግሪውን አይደለም የምፈልገው፤ ለዲግሪ አርጅቻለሁ። የምፈልገው «ለምን?» ለሚለው አንድ መልስ ነው። እሱን ሳላገኝ ከሞትኩ አስከሬኔም የሚጠይቅ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ለማማረር እንዳይመስላችሁ። ብዕሬን ያነሳሁት ለማመስገን ነበር። ግን ምሬት ልማዱ ነው፤ ምስጋና ለብሳ እስክትወጣ እሱ ደጅ ቆሞ እንግዳ ያነጋግራል።

ምስጋናዬ ከእሸቴ ይጀምራል። እሸቴ የስፖርት መምህር ነው፤ ፀዳ ላይ አዳዲሶቹ ቤቶች ካለቁበት ወዲያ ባለው ሜዳ የጭድ ክምር አቁሞ ቀስት መለማመድ አማረው። ቀስቱን ከወይራ ጠርቦ ራሱ ሠርቶታል፤ ሸጋ ቀስት ነው። ፍላጻ ግን የለውም። የመጋረጃ ዘንግ ቆርጦ ሞከረ፤ ዘንጉ ተምዘግዝጎ ሄዶ የሰው ቆርቆሮ ላይ አረፈ። ከባለቆርቆሮው ጋር ከታረቀ በኋላ እኔ ዘንድ መጣ።

«አንተ የደን ሰው አይደለህ?»

«ነበርኩ። እንግዲህ ያ ሰውዬ…»

«ተወው እሱን! ስንቴ ልስማው? ፍላጻ ሥራልኝ ነው የምልህ። እጅህ ሥራ ሲይዝ አፍህ ያርፋል።»

ተቀየምኩ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የመንገድ ዳር ቁጥቋጦ ሁሉ ዓይኔ ውስጥ ይገባ ጀመር። ክትክታ ቀጥ ብሎ እንደሚበቅል ከመጽሐፍ አውቃለሁ። የት እንደሚቆረጥ፣ መቼ እንደሚቆረጥ፣ ተቆርጦ ምን እንደሚደረግ ግን አንድም መምህር አልነገረኝም። ስለዚህ አዘዞ ገበያ ላይ ዱላ የሚሸጡ አንድ ገበሬ ጋ ሄድኩ፤ አያ ስንሻው ይባላሉ፤ ከፀዳ በላይ ካለው ተረተር ነው የሚወርዱት። ቀጥ ያለ ዱላ ያወጣ ሰው ቀጥ ያለ ፍላጻ አያቅተውም ብዬ ነው።

አያ ስንሻው ስለ ፍላጻ ስነግራቸው አልሳቁም። ለዚህም አመሰግናቸዋለሁ። ይዘውኝ ወጡና ከክትክታው መሐል እየመረጡ አንዱን ቀንበጥ ጎንበስ አድርገው ለቀቁት።

«ይኸ ተመልሶ ቆመ፣ አየኸው? ይኸን ቁረጥ። ተኝቶ የሚቀረውን ተወው፤ እሱ ለማገዶም ሰነፍ ነው።»

ውፍረቱ እንደ ትንሿ ጣት፣ ርዝመቱ ከብብት እስከ ጣት ጫፍ የሆነ ዐሥራ ሁለት ቀንበጥ ቆረጥን። ልጡን ልጠን ሁሉንም ባንድ ላይ ጥብቅ አድርገን አሰርነው። ብቻውን የደረቀ እንጨት እንደሚጣመም፣ ተሳስሮ የደረቀ ግን እርስ በርሱ እየተያያዘ ቀጥ ብሎ እንደሚቀር ያወቅሁት ያኔ ነው። ይህን የሚያህል ቁም ነገር አራት ዓመት ሙሉ ስማር አልሰማሁም። «በል ወስደህ ከማድቤትህ ጣሪያ ሥር ጭስ ላይ ስቀለው» አሉኝ። «ሲደርቅ እሳት ላይ ቅቤ እየቀባን እናቃናዋለን።»

«በሁለት ሳምንት ይደርቃል?»

«ቢደርቅስ? ምነው፣ ሁዳዴ አይደለም እንዴ?»

«አያ፣ እንጨት ይጾማል?»

«እንጨቱ ባይጾም እጄ ይጾማል። ቅቤ ነክቼ ጣቴን ረስቼ ብልሰውስ?»

የተማረ ሰው መቼም አይታገሥም። ቤት ሄጄ አንዱን ከእስሩ መዝዤ የምግብ ዘይት ቀባሁና ከሰል ላይ ላቃናው ታገልኩ። ከእጄ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው እንደ እባብ ቀስ ብሎ ተጠማዘዘ፤ ደግሜ ስጫነው ቀጭ አለ። ዐሥራ አንድ ቀሩ። እነዚህን እዚያው ጭስ ላይ ተውኳቸው፤ እኔም እነሱም ሁዳዴን አብረን ጾምን።

ቀጥሎ ላባ ነው። ፍላጻ ከኋላው ሦስት ላባ ካልተጣበቀበት አየር ላይ ይንከራተታል። እሸቴ ደግሞ አንድ ነገር አጥብቆ ነገረኝ፤ ሦስቱም ላባ ከአንድ ወገን ክንፍ መሆን አለበት። የግራ ክንፍ ላባ ወደ አንድ ጎን፣ የቀኝ ወደ ሌላው ይጎብጣል፤ ከቀላቀልካቸው አንዱ ና ሲል አንዱ ሂድ ይላል። ይሁን፤ ግን ላባው ከየት ይምጣ? በሁዳዴ ጎንደር ውስጥ ላባ መፈለግ በክረምት አቧራ እንደ መፈለግ ነው። ሉካንዳው ዝግ፣ ዶሮው ሁሉ በሕይወት።

ስለዚህ ቅዳሜ ሹርን ጠበቅኩ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በሰፈራችን ዶሮ የማይታረድበት ግቢ የለም። ላባ የፈላ ውሃ ከነካው ይበላሻልና ቀድሜ ለመድረስ ከቤት ቤት እሮጥ ጀመር። መጀመሪያ የገባሁት አጥር ከሚያዋስኑኝ ከእትዬ ትርንጎ ቤት ነው።

«እትዬ፣ ውሃ ውስጥ ሳትነክሯት በፊት የክንፏን ላባ ንቀሉልኝ።»

«ምን ሊሆንህ?»

«የግራውን ብቻ።»

እትዬ ትርንጎ ቀና አሉ። «የግራውን ብቻ? ምነው ቀኙስ?»

«ቀኙ ከግራው ጋር አይስማማም። ፍላጻ ልሠራበት ነው።»

«ፍላጻ! ማንን ልትወጋበት?»

«እሱንማ እርስዎም ያውቁታል» አልኩ እየሳቅኩ።

ከዚያ ሐሙስ ወዲህ የቀለድኩት ያችን ቀን ብቻ ነው። ባልቀለድኩ። እትዬ ትርንጎ አማተቡ፤ ላባውን ግን ነቅለው ሰጡኝ። እንዲህ እያልኩ ሰባት ቤት አዳረስኩ፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ከአንዱ ቤትማ ገብስማ ሳይቀር ሰበሰብኩ።

አሁን እናንተ በሰፈሬ ሰው ቦታ ሁኑና አስቡት። አንድ ቂመኛ ሰው አለ፤ ቂሙን ከእናንተ ያልሰማ የለም። ጾሙን በሙሉ እንጨት አስሮ ሲያጥን ከረመ። የፋሲካ ዋዜማ የሰባት ቤት ዶሮ የግራ ክንፍ ላባ ለቀመ። ማንን ልትወጋ ቢሉት ሳቀ። ምን ትላላችሁ? እኔም ብሆን አማትቤ መንገድ እቀይር ነበር። እሑድ ዶሮ ወጡ ሳያልቅ ወሬው አዘዞን አዳርሶ ጎንደር ገብቷል፤ እኔ ብቻ አልሰማሁም።

እኔ የፋሲካ ማግስት አያ ስንሻው ጋ ነበርኩ። ፍም ላይ እያሞቁ፣ ቅቤ እያስነኩ፣ በአውራ ጣታቸው እየገፉ አንዱን ዐይናቸውን ጨፍነው ያያሉ። ጎበጥ ያለበትን ሲያገኙ አይቆጡትም። «በጉልበት አይደለም» አሉኝ። «እሳቱ ያለስልሰው። አንተ ያዝ አድርገህ ቆየው።» ቤቴ ተመልሼ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፤ በሲጌቶ፣ በብረት መጋዝ ምላጭ፣ የቀስቱ ጅማት የሚገባበትን ከኋላው ሰነጠቅሁ፤ ከፊቱ ራሱ የተቆረጠ ሚስማር ተከልኩበት፤ ላባውን በኮላ አጣብቄ በክር ጠመጠምኩ። ዓርብ ዕለት ፀዳ ሜዳ ላይ እሸቴ የመጀመሪያውን አስቀምጦ ሳበና ለቀቀው። ድምፅ እንኳ የለውም። አንዴ ሹክ አለ፤ ከዚያ ጭዱ ላይ ቆሞ ጭራው ይርገበገባል። መሐሉን አልመታም፤ ጠርዙን ነው። እኔ ግን ዐይኔ እንባ አቀረረ። ስንት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ እየላክሁ ኖሬ፣ የላክሁት ነገር ካሰብኩት ቦታ ሲደርስ ያየሁት ያኔ ነው።

በዳግማ ትንሣኤ ዕለት ሦስት ሽማግሌዎች ደጄ ቆሙ። መሪያቸው የነፍስ አባቴ ናቸው።

«ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» አሉ።

«በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» አልኩ።

«አሰሮ ለሰይጣን» ሲሉ፣ ሰይጣንን አሰረው ማለታቸው ነው፣ ዐይናቸው ጥግ ላይ ወደ ቆሙት ዐሥራ አንድ ፍላጻዎች ሄዶ ቀረ።

ተቀመጡ። ዙሪያ ጥምጥም ሄደው ሄደው በመጨረሻ አወጡት። «ልጄ፣ ያ ሰውዬ ጎኑን ውጋት ይዞታል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ ማግስት።»

«አባ፣ ከሃምሳ አምስት ቀን ጾም በኋላ ዶሮ ወጥ በልቶ ጎኑን ያልወጋው ጎንደሬ ማን ነው?»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑት። የነፍስ አባቴ ግን አልሳቁም። «መተት ሠርተህበታል ይባላል። የያዝከውን ፍታለት።»

ስለ ላባ አጎባበጥ፣ ስለ ነፋስ፣ ስለ እሸቴ ሜዳ አስረዳሁ። አንዱን ፍላጻ አንስቼ ሰጠኋቸው። በእጃቸው አልነኩትም፤ በመስቀላቸው ጫፍ ገፋ አድርገው አዩት።

«ማን ነው እንዲህ ያላችሁ? ሰፈሩ ነው?»

«ሰፈሩማ ያወራል። የላከን ግን እሱ ራሱ ነው። ‹ከኔ ሌላ ማንን ይወጋል? የሠራሁትን እኔ አውቃለሁ› ነው ያለን።»

ፍላጻውን መልሼ ጥግ አቆምኩት። እንደምታውቁት፣ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። እኔን የገደለኝ የዚህ ተረት የፊቱ ግማሽ ነበር፤ እሱ ረስቶኛል፣ በሰላም ይተኛል፣ ስሜን ቢሰማ «የቱ?» ይላል ብዬ ነው ስንገበገብ የኖርኩት። ለካ አልረሳም! እኔ ስቆጥር እሱም ሲቆጥር ኖሯል። እውነት ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝ ምስጋና ነው። ሰው ብቻውን ሲሸከም የኖረው ሸክም ሌላኛው ጫፍ ላይ ሌላ ትከሻ እንዳለ ሲያውቅ ያመሰግናል።

«አንድ ቃል ነው፣ ‹ፈትቼዋለሁ› በለንና እንሂድ» አሉ የነፍስ አባቴ።

ፈትቼዋለሁ ብል መተተኛነቴን በገዛ አፌ ፈረምኩ፤ ከእንግዲህ በየትኛው ፊቴ እሳቸው ዘንድ ንስሐ እገባለሁ? አልፈታም ብል ደግሞ መተተኛነቴ ጸደቀ። ሦስተኛ መንገድ ፈለግሁ።

«እንዲህ በሉልኝ። ስሜን ለምን እንደሰረዘው ይንገረኝ። ያን ዕለት እነዚህን ዐሥራ አንዱንም በእጁ አስረክበዋለሁ፤ ከፈለገ ያንድዳቸው።»

ይህን ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ፍላጻ የሠራ ሰው ብቻ ያውቀዋል። ሽማግሌዎቹ ግን ደስ አላቸው፤ መርቀውኝ ሄዱ። ማክሰኞ የነፍስ አባቴ ብቻቸውን ተመለሱ፤ ፊታቸው በርቷል።

«ነገሩ አለቀ። ይቅር ብያለሁ ብሏል።»

«ማን?»

«እሱ ነዋ።»

«ማንን?»

«አንተን።»

«ውጋቱስ?»

«ተሽሎታል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ለምን ላልኩትስ?»

«እሱን አላነሣውም፤ እኛም ዕርቁ እንዳይበላሽ ብለን አልነካካነውም።»

እንግዲህ ይኸው ነው። አያ ስንሻውን አመሰግናለሁ፤ እንጨት ሳይሰበር እንደሚቃና ስላሳዩኝ። እሸቴን አመሰግናለሁ፤ ታሪኬን መስማት ስለሰለቸው። ከሁሉም ይበልጥ እትዬ ትርንጎን፤ ባለፈው ለልደታ ያረዷትን ዶሮ የግራ ክንፍ ላባ ሳልጠይቃቸው በፌስታል ቋጥረው አምጥተው «ለማን እንደሆነ ብቻ አትንገረኝ» ብለውኛል። መተተኛ ነው ብሎ እያመነ ላባ የሚሰጥ ጎረቤት በየትም አይገኝ።

አንተን ደግሞ፣ በዕድሜ ታላቄ ነህና አንቱ ልልህ ይገባ ነበር፤ ተቀይሜ ነው። ይቅርታህን ከነክብሩ ተቀብያለሁ። ባልሠራሁት ጥፋት ይቅር ያለኝ ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን የሠራኸውን እንደምታውቅ በሦስት ሽማግሌ ፊት ተናግረሃል። እኔ ነኝ የማላውቀው። ጎንህ ድኗል፤ ከአልጋህ ተነሥተሃል፤ የሚያግድህ የለም። እንግዲያውስ በሰው በኩል አትላክብኝ፣ ራስህ ና፤ ፊት ለፊቴ ተቀመጥና በገዛ አንደበትህ ንገረኝ። ስሜን ለምን ሰረዝከው?