በወጉ መሸነፍ ያማራቸው ሰው

ምግብ ቤት ገብታችሁ «ምን አላችሁ?» ስትሏት አስተናጋጇ ከጥብስ እስከ ዱለት በአንድ ትንፋሽ ትዘረዝርላችኋለች። ጥብስ አምጪ ስትሏት አልቋል። ዱለት? እሱም አሁን አለቀ። ታዲያ ምን ቀረ? ሽሮ። ሽሮ እወዳለሁ፤ አትሳሳቱብኝ። ግን ሽሮን መርጦ መብላትና ሌላው አልቆ ሽሮ መብላት ጣዕሙ አንድ ነው? እንዴት አንድ ይሆናል!

ይህን ያመጣሁት ስለ ሆድ ለማውራት አይደለም። ስለ ጎረቤቴ ስለ ኦቦ ነገራ ላወጋችሁ ብዬ ነው። እኔ ከጎጃም ለመንግሥት ሥራ መጥቼ ነቀምቴ የቀረሁ ሰው ነኝ። እሳቸው ደግሞ የከተማውን ግማሽ ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ባለፈው ምርጫ በአንዲት ትንሽ ፓርቲ ስም ለክልሉ ምክር ቤት ሊወዳደሩ ተነሡ። ትንሽ ስላችሁ በጣም ትንሽ ናት። የነቀምቴ አባላቷን በሙሉ ስብሰባ ለማድረስ አንድ ባጃጅ ይበቃል።

ያሸንፋሉ ብሎ የጠረጠረ የለም፤ እሳቸውም ጭምር። ታዲያ ለምን ይደክማሉ አልኳቸው አንድ ቀን።

«ኦቦሌሳ ኮ» አሉኝ፤ ወንድሜ ማለታቸው ነው። «እኔ እኮ መሸነፍ ነው የምፈልገው። ግን በወጉ። ስሜ ወረቀቱ ላይ ይውጣ፤ ሰው አይቶኝ፣ አስቦበት፣ አልፈልግህም ብሎ ይለፈኝ። ሳልወዳደር ተሸንፌ ልሙት እንዴ?»

መጀመሪያ ሳቅሁ። ነገሩ የከነከነኝ ቆይቶ ነው።

መሸነፍን የመሰለ ቀላል ነገር የት አለ ትሉኝ ይሆናል። ሞክሩታ! ኦቦ ነገራ ለመሸነፍ ያዩትን መከራ ሌላው ለማሸነፍም አያየው። መጀመሪያ የድጋፍ ፊርማ ተባለ። ጉቴ ገበያ ወርደን ስንዞር ያልመረቀን ሰው የለም። እስክሪብቶ ስናወጣ ግን አንዱ መነጽሩን ቤት ረስቶታል፣ አንዷ ባሏን ሳታማክር አትፈርምም፣ ሌላው ልቤ ከእርስዎ ጋር ነው ብሎ እጁን ኪሱ ይከታል። እንደምንም ፊርማው ሲሟላ ደግሞ የፓርቲው ደብዳቤ ከአዲስ አበባ ዘገየ። በአውቶቡስ የደረሰን የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ጠዋት ነው። የትልቁ ፓርቲ ዕጩማ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ሻይ ቀርቦለት ተመዝግቧል።

እየሮጥን ስንደርስ ቢሮው ተቆልፏል። ዘበኛው መዝጋቢው አማቱ ሞተውበት ዲጋ ለቅሶ መሄዱን ነገረን። ቁልፉስ? ቁልፉም ለቅሶ ሄዷል።

ዲጋ ቅርብ ናት፤ ሚኒባስ ተሳፈርን። ሐሳባችን ሰውየውን ለይተን፣ ጆሮው ሥር ሹክ ብለን፣ ይዘነው መመለስ ነበር። ደግሞም የኦቦ ነገራ የድሮ ተማሪ ነው፤ እምቢ አይላቸውም። ግን ድንኳኑ ውስጥ መዝሙር እየተዘመረ፣ ሰው ኩርምት ብሎ ተቀምጦ፣ በምን አፍ ነው «መዝግበኝ» የሚባለው? ኦቦ ነገራ ገና ሲገቡ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ዋቃዮ ኢሲን ሀ ጀጀቤሱ» አሉ፤ እግዜር ያጽናችሁ እንደ ማለት ነው። መዝጋቢው አንገታቸው ላይ ተጠመጠመ።

«ባርሲሳ! እርስዎም መጡልኝ?» አለ። መምህሬ ማለቱ ነው። ከዚያ አለቀሰ።

ኦቦ ነገራም አለቀሱ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? ሟቿን አንድ ቀን እንኳ አይተዋቸው አያውቁም። እኔ በክርኔ ነካ አደርጋቸዋለሁ፤ እሳቸው ደብዳቤውን ኮታቸው ውስጥ ጠለቅ ያደርጉታል። ንፍሮ መጣ፣ ቀመስን። ሻይ መጣ፣ ጠጣን። መሸ።

በማግስቱ መዝጋቢው ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለን፣ ወረቀቱን አየና አንገቱን ደፋ። ቀኑ ትናንት አለፈ አለ። ትናንት የት ነበራችሁ አላለንም፤ የት እንደነበርን ያውቃላ! እኔ አቤት እንበል አልኩ። ቢሮው ተዘግቶብናል፣ እስከ ዲጋም ተከትለነዋል እንበል።

ኦቦ ነገራ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አማቱን በቀበረበት ቀን ቢሮ ዘጋ ብዬ ልክሰሰው? ወይስ ለቅሶ የደረስኩህ ለጉዳዬ ነው ልበለው? ያን እንባ መልሼ ልውሰድበት?»

ይሉኝታ ማለት ይኸው ነው። በቃ፣ ቀረ። እኔን ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ለመሆኑ ለአንድ ከተማ ሕዝብ ምርጫ ቁልፉ እንዴት አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ብቻ ይሆናል?

የምርጫው ቀን ተሰልፌ ገባሁ። ከመጋረጃው ጀርባ ወረቀቱን ዘረጋሁ። አንድ ስም፣ አንድ ምልክት፤ ከሥሩ ባዶ። ይህን ይዘህ ምረጥ ማለት ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ናፈቀኝ። አይተውት የማያውቁት ነገር ይናፍቃል እንዴ? ይናፍቃል። እዚያ ባዶው ላይ የኦቦ ነገራ ስም፣ ከእሳቸው ሥር የሌላ ሰው፣ ከእሱም ሥር የሌላ ቢኖር ብዬ ተመኘሁ። እጄ መሐላቸው ቢዋልል፣ ግራ ቢገባኝ አልኩ። አስፈጻሚዋ ጨረሱ ወይ ብላ እስክትጣራ ድረስ እንደቆምኩ ቀረሁ።

ስወጣ ኦቦ ነገራም ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ወጥተዋል። አብረን ወደ ሰፈር አቀናን። ያገኘን ሁሉ ያጽናናቸዋል። እርስዎ ቢኖሩ እርስዎን ነበር ይላቸዋል። እሳቸው «ገለቶማ» እያሉ ያመሰግናሉ፤ ባመሰገኑ ቁጥር ፊታቸው ይብስ ይጠቁራል። ሰፈራችን ልንደርስ ስንል ወደ እኔ ዞሩ።

«ሜ፣ እስቲ አንተ እንኳ እውነቱን ንገረኝ። ብኖር ትመርጠኝ ነበር?»

«ኦቦ ነገራ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አልመርጥዎትም ነበር። ገበያውን ከከተማ አውጥቼ ዳር እወስዳለሁ ብለዋል። ሚስቴ የምትቸረችረውን ሽንኩርት ተሸክማ የት ትሂድልዎት?»

ቀጥ ብለው ቆሙ። ተቀየሙኝ፣ ጉርብትናችን አለቀለት ብዬ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን እጄን ግጥም አድርገው ጨብጠው ይስቁ ጀመር።

«ተመስገን!» አሉ። «በመጨረሻ አንድ ሰው ጣለኝ!»

ከዚያ ገበያው ለምን መነሣት እንዳለበት ሲከራከሩኝ ቤቴ በር ላይ ደረስን። አሁንም በየሳምንቱ እየመጡ ይከራከሩኛል፤ ለሚቀጥለው ምርጫ መሆኑ ነው። እኔ ግን ንቅንቅ አልልም። ብቻ እግዜር ስማቸውን ወረቀቱ ላይ አይቼ ላልመርጣቸው ያብቃኝ።