ሁለት ቤት ላይ ያገባው ንጉሥ

[ቆቦ፣ በአብዮቱ ዘመን፣ የገበያ ቀን። ከአስፋልቱ ዳር ያለች የልብስ ሰፊ በረንዳ። ሰፊው ሞላ ከስፌት መኪናው ጀርባ ተቀምጧል። ከሮቢት የመጣው ገበሬ ጓደኛው አለሙ ሱሪው እስኪጣፍለት ጋቢውን አገልድሞ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሏል። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።]

አለሙ፦ እኔ ግመል የሌለው ንጉሥ አላውቅም። አለቀ!

ሞላ፦ አንተ ሰው፣ ስንቴ ልንገርህ? በአገሩ ግመል የለም! ብርድ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ዳገት ነው።

አለሙ፦ ታዲያ ጨው በምን ያመጡለታል?

ሞላ፦ ስለ ጨው ማን አነሣ? ስለ ኦዋይን ነው የምነግርህ፤ ስለ ዌልስ ንጉሥ!

አለሙ፦ ዌልስ ከአላማጣ ወዲያ ናት?

ሞላ፦ ከባሕር ማዶ፣ ከእንግሊዝ አጠገብ ናት!

አለሙ፦ እንዲያ በለኛ። እና እንደምን አለ? ደኅና ነው?

ሞላ፦ ማን?

አለሙ፦ ንጉሡ ነዋ።

ሞላ፦ ከሞተ ስምንት መቶ ዓመት አልፎታል!

አለሙ፦ [ባርኔጣውን አውልቆ] ውይ! ነፍስ ይማር። ምነው እስካሁን ሳትነግረኝ?

ሞላ፦ ጥፋቱ የኔ ነው! እሁድ በቀበሌው የውይይት ክበብ ፊት ቆሜ ስለ ፊውዳሊዝም እናገራለሁ፤ ካንተ ጋር ልለማመድ ማለቴ ነው ጥፋቱ።

አለሙ፦ ተለማመድ፣ ተለማመድ። ሱሪዬ አንተ እጅ እስካለ ወዴት እሄዳለሁ? ግን ሞልዬ፣ ከዚያ በፊት ያ የልጆቹ ነገር...

ሞላ፦ [መኪናውን አቁሞ] አለሙ! ያ ነገር ተዘግቷል። ሁለቴ ሽማግሌ ላክህ፣ ሁለቴ መለስሁ። ልጅህ ወልደ ሚካኤል ጨዋ ነው፤ እንከን የለበትም። ግን ከተናኜ ጋር ዘር ሲቆጠር ስድስተኛው ቤት ላይ ይገናኛሉ። ሰባት ቤት ሳይሞላ ልጄን አልድርም። ሥጋ ናቸው!

አለሙ፦ የጎደለችው አንዲት ቤት ናት ብዬ ነዋ። ልጁ እህል አልቀምስ ብሏል።

ሞላ፦ ሰባት ማለት ሰባት ነው። ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ከጨመርህ ሱሪህን ባንድ እግር ነው የምሰፋልህ።

አለሙ፦ እሺ፣ እሺ። ወደ ለቅሶው እንመለስ። የሟቹ ቤተሰብ እንዴት ነበር?

ሞላ፦ [ደስ ብሎት] እንዲህ ጠይቀኝ! ታሪኩ ያለበትን መጽሐፍ ተናኜ ናት ከትምህርት ቤት ያመጣችልኝ።

አለሙ፦ አንተ ደግሞ እንግሊዝኛ ታነባለህ?

ሞላ፦ እሷ ፊደሉን ታነባለች፣ እኔ ቁም ነገሩን አወጣለሁ። ማታ ማታ ሥራችን ይኸው ነው። [ድምፁ ለስለስ ብሎ] እናቷ ካረፈች ወዲህ ያች ልጅ ባታነብልኝ ይህ ቤት ምን ይውጠው ነበር። [ጉሮሮውን ጠርጎ] እና ንጉሡ! ልጆቹ ብዙ ናቸው። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ግን ሩን የሚባለውን ነበር፤ እሱ ሞተበት።

አለሙ፦ ወይኔ! የሚወደው?

ሞላ፦ የሚወደው። ንጉሡ ሐዘን ገባው። ቢያበሉት እምቢ፣ ቢያጫውቱት እምቢ።

አለሙ፦ ለቅሶ የደረሰው ጎረቤት የለም?

ሞላ፦ ሰዎቹ ሄደው የጠላት ምሽግ ሰበሩና የምሥራች አሉት። ያኔ ከሐዘኑ ተነሣ።

አለሙ፦ እኛ ንፍሮ ይዘን ነው የምንሄድ፤ እነሱ ምሽግ ይዘው! ደግ ጎረቤት ነበረው።

ሞላ፦ ኧረ ዝም ብለህ ስማ። ሌላው ልጁ ሀወል ይባላል፤ ገጣሚ ነው። እናቱ ባሕር ተሻግራ ከአየርላንድ የመጣች ናት።

አለሙ፦ በኛ በኩል ከአፋር እንደ መውለድ መሆኑ ነው።

ሞላ፦ እንደዚያ በለው። ነገሩ ያለው ግን እዚህ አይደለም፤ ንጉሡ ኋላ ያገባት ሚስቱ ላይ ነው። ክሪስቲን ትባላለች። [ጎንበስ ብሎ] የገዛ አጎቱ ልጅ!

አለሙ፦ የአጎቱ? የእናቱ ወንድም ልጅ?

ሞላ፦ የእናቱ ወንድም ልጅ።

አለሙ፦ [በጣቱ እየቆጠረ] አንድ... ሁለት... ሁለት ቤት! ኧረ በሚካኤል!

ሞላ፦ ሁለት ቤት። ሊቀ ጳጳሱ ከእንግሊዝ አገር ሆኖ "ፍታት!" ብሎ ላከበት። አልፈታም አለ። አወገዘው። አሁንም አልፈታም አለ። እስኪሞት አልፈታትም!

አለሙ፦ ጳጳሱ ደግ አደረገ።

ሞላ፦ ምን አልህ?

አለሙ፦ ደግ አደረገ። ሥጋ ናቸዋ። እኔም ብሆን አወግዘው ነበር።

ሞላ፦ [መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ] አንተ አድሃሪ! ነገሩ መች ገባህ? ጳጳሱ የተቆጣው ለሥጋው ብሎ መሰለህ? ንጉሡ ለእንግሊዝ አልገዛም ስላለ ነው! የአገሬን ጳጳስ እኔ ልምረጥ ስላለ ነው! አጥንት ቆጠራው ሰበብ ነው!

አለሙ፦ ጳጳስን ያህል ሰው ሰበብ ይፈልጋል? አይመስለኝም።

ሞላ፦ ስማኝ፣ አለሙ። ሰው አጥንት የሚቆጥረው ልቡ ውስጥ ሌላ ነገር ሲኖር ነው።

አለሙ፦ ኧረ እኔስ ከጳጳሱ ጋር ነኝ።

ሞላ፦ እስቲ አሁን ሁለት ሰዎች ተዋደው፣ ተከባብረው፣ ጎጆ ካቆሙ፣ ማዶ ቁጭ ብሎ "ይህን ያህል ይጎድላችኋል" የሚል ሰው ምን አገባው?

አለሙ፦ ምን አገባው?

ሞላ፦ ምንም! እሁድ እንዲህ ነው የምለው፦ [ተነሥቶ እጁን እያወራጨ] "ጓዶች! ይህ ንጉሥ በጠቅላላው ሲታይ ፊውዳል ነው። በዚህች ጉዳይ ብቻ ግን ተራማጅ ነው!"

አለሙ፦ ጳጳሱስ?

ሞላ፦ ጳጳሱማ ለይቶለት አድሃሪ ነው!

አለሙ፦ ሁለት ቤትም ቢሆን?

ሞላ፦ ሁለት ቤትም ቢሆን!

አለሙ፦ ኋላ እሁድ ሰው ተነሥቶ እንዳያፋጥጥህ።

ሞላ፦ ማን ነው እኔን የሚያፋጥጠኝ? ለመጣው ሁሉ መልስ አለኝ!

አለሙ፦ እንግዲያው ልጠይቅህ። ስድስት ቤትስ?

[ሞላ እጁ አየር ላይ እንዳለ ይቀራል።]

ሞላ፦ ምን?

አለሙ፦ ለባሕር ማዶው ሰውዬ ሁለት ቤት ላይ ፈቀድህለት። ለኔ ልጅ ስድስት ቤት ላይ ከለከልኸው። እኔ መቼም ቁጥር ላይ ደካማ ነኝ፤ ከሁለትና ከስድስት የቱ ነው የሚበልጠው?

ሞላ፦ ይሄ... ይሄ ሌላ ነው! ታሪኩን መች ጨረስሁልህ? ንጉሡ ሲሞት የክሪስቲን ልጆች ያን ገጣሚ ወንድማቸውን ወግተው ገደሉት! አየህ? ሥጋ ከሥጋ ሲጋባ መጨረሻው ይህ ነው!

አለሙ፦ በምን ተጣሉ?

ሞላ፦ በምን ይጣላሉ? በመሬት፣ በግዛት ነዋ!

አለሙ፦ መሬቱንማ መንግሥት ወሰደው። የኔና ያንተ የልጅ ልጆች በምን ይጣላሉ? በዚች ስፌት መኪና?

[ሞላ ተቀምጦ ሱሪውን ያነሣና መተርተር ይጀምራል።]

አለሙ፦ ሞልዬ፣ አሁን የሰፋኸውን እኮ ነው የምትተረትረው።

ሞላ፦ አውቃለሁ! ሥራዬን አታስተምረኝ!

አለሙ፦ "ሰው አጥንት የሚቆጥረው ልቡ ውስጥ ሌላ ነገር ሲኖር ነው" አልኸኝ። ያንተስ ሌላ ነገር ምንድን ነው?

ሞላ፦ [ሱሪውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ] ሮቢት ሩቅ ነው፣ አሌ።

አለሙ፦ ሮቢት? አውቶቡሱ ላይ ወጥተህ መቀመጫ ሳታገኝ ውረድ ይሉሃል!

ሞላ፦ ለሚሄደው ቅርብ ነው፤ ለሚቀረው ሩቅ ነው። እሷ ስትሄድ ማታ ከማን ጋር ነው የማወራ? ፈራሁ። እውነቱን ንገረኝ ካልኸኝ ስድስት ይሁን ሰባት አጣርቼ እንኳ አልቆጠርሁም።

አለሙ፦ እኛ አስቆጥረናል። አባ ገብረ ማርያም ሲቆጥሩት ስምንት ወጣ።

ሞላ፦ ስምንት? ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?

አለሙ፦ ብነግርህ ሕጉን ዘጠኝ ታደርገው ነበራ።

ሞላ፦ [አንገቱን ደፍቶ] አደርገው ነበር።

አለሙ፦ ደግሞ ሩቅ አትበል። እሷ ትምህርቷን ሳትጨርስ ከቆቦ አትወጣም። ልጄ ነው ወደዚህ የሚመጣው፤ ካንተ ጎን ያለችውን ክፍል ይከራያሉ። ማታ ማታ እንደ ልማዳችሁ ታነብልሃለች።

ሞላ፦ ይህን ደግሞ ማን ወሰነው?

አለሙ፦ እሷ።

ሞላ፦ እሷ! መቼ ነው ከልጄ ጋር የተማከርኸው?

አለሙ፦ ባለፈው ገበያ። "አባባ ሽማግሌ ሲያይ ይደርቃል፤ ሽማግሌ አትላኩበት። የዌልሱን ንጉሥ አስጀምረውና አንተ ለጳጳሱ ወግን፤ ሳያስበው ራሱ ይድረኛል" አለችኝ። መጽሐፉንም ለዚሁ ብላ ነው ፈልጋ ያመጣችው።

ሞላ፦ እና አንተ ይህን ሁሉ ሰዓት ሞኝ መስለህ...

አለሙ፦ እሱስ ብዙም አልከበደኝ።

ሞላ፦ [ሣቅና ቁጣ ተናንቀውት ሱሪውን እንደ ተተረተረ ይወረውርለታል] እሺ! ይጋቡ! ሽማግሌዎችህን ላክ፤ አልደርቅም። ግን አለሙ፣ እየው እስቲ፤ ይህ ሁሉ ብልህነት ከማን እንደ ወጣ እየው!

አለሙ፦ [ሱሪውን እያጠለቀ] እሱንም ትላለህ ብላኛለች።