የመምህር ዲበኩሉ ቀላል ቦርሳ

ተራራ ለመውጣት በሚሰባሰቡ ጓደኛሞች መሃል የሰው ቦርሳ አንጠልጥሎ የሚመዝን አንድ ሰው ከሌለ፣ ያ ቡድን ገና አልተሟላም። የእኛ የአዳማዎቹ ሙሉ ነው፤ ክቡር መምህር ዲበኩሉ አሉልን። ገና ሰላም ሳይሉን ቦርሳችንን በአንድ ጣት ያነሱና ፊታቸውን ያጨማድዳሉ።

«ይሄ ሁሉ ምን ይሠራል?»

ክቡርነታቸው ፊዚክስ ያስተምራሉ። የሳሙናውን መጠቅለያ ቤት ጥለው፣ የጃኬታቸውን ማርካ በመቀስ ቆርጠው ነው የሚጓዙት። ኦቾሎኒ ከነቅርፊቱ ያመጣ ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ እንዲፈለፍል ይገደዳል። ቆሎ ላይ ጨው ከልክለውናል፤ ጨው ውሃ ያስጠጣል፣ ውሃ ደግሞ ከባድ ነው!

ይህ ሁሉ ለጭላሎ ተራራ ነው። የአርሲው ጭላሎ ሁለት ጊዜ ከወገቡ መልሷቸዋል፤ ጉልበታቸው ሸክም አይችልም። ጫፉን ሳይረግጡ ጡረታ እንደማይወጡ ምለዋል። ስለዚህ ዘንድሮ ከሁሉም የቀለለ ቦርሳ ፍለጋ ከተማዋን አብረን አሰስናት።

ሻጩ ኪሱ የበዛ ቦርሳ ቢያሳያቸው «ኪስ እቃ ይጠራል፤ መልሰው!» አሉት። ወገብ ላይ የሚታሰር ወፍራም ቀበቶ ያለውን ደግሞ «ይሄ ራሱ ተሸካሚ ይፈልጋል» አሉ። የወደዱትን ሁሉ ከነሻጩ ይዘው ጎን ያለው የሑስና ቅመም ቤት ይገቡና ሚዛን ላይ ያወጡታል።

«መምህር፣ ቦርሳው በርበሬ በርበሬ ሊሸት ነው እኮ!» አለች ሑስና።

«ሽታ ክብደት የለውም!»

በመጨረሻ አንዲት ግራጫ፣ ስስ፣ ዝናብ የማታስገባ ቦርሳ ተገኘች። ግማሽ ኪሎ እንኳ አልሞላችም! መምህሩ ጀርባቸው ላይ አድርገው አስፋልት ዳር ዘለሉ። ተሳፋሪ የጠራው የመሰለው ባጃጅ ቆመ። እኔም ሳላስበው አብሬ ዘለልኩ፤ ደስታቸው ይጋባል።

ቅዳሜ ጠዋት ልንሳፈር ስንል ጎረቤታቸው እትዬ አበዛሽ ቅቤና የገንፎ ዱቄት ተሸክመው ከተፍ አሉ። ልዩ የምትባለው ልጃቸው ጭላሎ ወገብ ላይ ባለች መንደር አስተማሪ ናት፤ በቅርቡ ወልዳለች።

«ዲበኩሉ፣ ቦርሳህ ባዶ ናት ሲሉ ሰማሁ። ይቺን ለአራሷ አድርስልኝ።»

ቅቤው ብቻ ከቦርሳዋ በስንት እጥፍ ይከብዳል። መምህሩ አነሱት፤ ፊታቸው ተጨማደደ።

«ለአራሷ ሌላ የሚላክ ነገር የለም?» አሉ።

ዳገቱ ላይ እናግዝዎ ብንል አሻፈረኝ አሉ። «አደራ የተቀበልኩት እኔ ነኝ!» ልዩ ደጅ ስንደርስ ጉልበታቸው አብጦ ነበር። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ቅቤውን በሁለት እጃቸው አስረከቡ። ከዚያ ደጁ ላይ ካለው አግዳሚ ቁጭ ብለው ወደ ጫፉ አንጋጠጡ። ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። አንጀቴን በሉት።

መንገድ መሪያችን ጂቱ «ቤኑ፣ እንሂድ! ደመናው ሳይመጣ!» ብላ ተነሳች። ሌሎቹ ተከተሏት።

«ሂድ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አሉኝ መምህሩ።

«ቦርሳዬ ከብዶኛል ጋሼ። እዚሁ ልረፍ።»

ቦርሳዬ ውስጥ ከአንድ ሹራብና ከተጋመሰ የውሃ ጠርሙስ በቀር ምንም አልነበረም። መምህር ዲበኩሉ በአንድ ጣታቸው አነሱት። ትንሽ አንጠልጥለው አቆዩት።

«እውነትም ከባድ ነው» አሉና ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።