ገባሁ ያላለ መኪና

ቃሊቲ፣ ጎማ ጠጋኞቹን አልፎ፣ አንድ የጭነት ማኅበር ነበረ። መኪኖቹ ጅቡቲ ወርደው ይጭናሉ፤ የጫኑትን ይዘው አገሩን ያዳርሳሉ። እያንዳንዱ ጋቢና ውስጥ የክብሪት ቀፎ የምታክል ዕቃ ተሰክታለች። መኪናው የረገጠውን ሁሉ ለሰማይ ትናገራለች፤ ሰማይ ደግሞ ለቢሮው ይናገራል። ይህን ዱካ ይሉታል። ሾፌሩ ሲነሣ «ወጣሁ» የሚል ቁልፍ ይነካል፤ አድርሶ ሲያራግፍ «ገባሁ» የሚል። በሁለቱ ቃል መሃል ያለው ሰው የእግዜርና የስምሪት ክፍሉ ነው።

ስምሪት ክፍሉን የያዘችው ሉባባ ናት። ሥራዋ ቆሞ የቀረ መኪና አይታ ሰው መላክ ነው። ሎጊያ ማዶ በዚያ ሐሩር ጎማው የፈነዳበት፣ ውሃውም ያለቀበት ሾፌር የሚያያት እሷ ብቻ ናት፤ እሷ ካላየችው ማንም አያየውም። ታዲያ ዱካው የሚታይበት ስክሪን መከራዋን አሳያት። ስትነካው ክቡ ይዞራል፤ ይዞራል፤ ደግሞ ይዞራል።

«ይኼ ኮምፒዩተር የሚጭነው ዱካ ነው ወይስ ሲሚንቶ?» ትላለች።

ብትል አይፈረድባትም። ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ የወጣውን መኪና ዱካ አንድም ሳያስቀር ካልጫነ፣ ስክሪኑ አንዱንም አላሳይም የሚል ግትር ነበር።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ፈጠነ ይባላሉ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? እሳቸው ፊት «ቆይ» የሚል ቃል ነውር ነው። ክረምት ሳይገባ አዲስ ስክሪን እከፍታለሁ ብለው ለባለጭነቶቹ ቃል ገብተዋል። ሥራውን ለሚልኪያስ ሰጡት።

ሚልኪያስ ኮድ ሲጽፍ እጁ የሸማኔ እጅ ነው፤ ክር አያባክንም። ነገሩን ዙሪያውን አየና አንድ ጥሩ ሐሳብ አመጣ። ሁሉን ለምን እንሸከማለን? ጉዞውን የጨረሰውን መኪና ዱካ ጠቅልሎ ማስቀመጥ፣ ሲጠየቅ ብቻ መፍታት። እንዳሰበው ጻፈው። ሲሞከር ዐይን ሳይርገበገብ ተከፈተ። ሉባባ እልል አለች፤ አቶ ፈጠነም ሲያጨበጭቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ታዩ።

ግን የቤቱ ሕግ አለ፦ የጻፈ ለራሱ አይፈርምም። ሌላ ዐይን አይቶት ካልፈረመ ኮድ ከደጅ አይወጣም። ያ ሌላ ዐይን አምሳለ ናት። ግምገማ ሲባል ሰው በልማዱ ይሸማቀቃል፤ የሷ ደግሞ ይባስ ያስፈራል። ምክንያቱም ያንን ቀርፋፋ ስክሪን የጻፈችው ራሷ ነበረች። ሚልኪያስ የነካው የሷን ሥራ ነው። ቢሮው ሁሉ ምን ትል ይሆን ብሎ ጆሮውን ጣለ።

አምሳለ መነጽሯን አደረገችና ተቀመጠች። በኮምፒዩተሩ ላይ የተጨመረው በአረንጓዴ፣ የተሰረዘው በቀይ ይታያል። ሰው ሁሉ የሚያነበው ከአረንጓዴው ነው። እሷ ግን ሁልጊዜ ከቀዩ ትጀምራለች። ለምን ቢሏት፣ «የተጨመረውን የሚያደንቅ አይጠፋም። የተሰረዘውን የሚጠይቅ ነው የጠፋው» ትላለች።

ቀዩን ስታነብ ቆይታ አረንጓዴውን አየች። ፊቷ በራ።

«እጅህ ይባረክ፣ ሚልኪያስ። ይኼን እኔ ፀጉሬ እስኪነጭ ብቀመጥ አላመጣውም ነበር።»

ሚልኪያስ ትንፋሹ ተመለሰለት።

«አንዲት ነገር ብቻ» አለች። «ይቺን መስመር ለምን አወጣሃት?»

«የቷን፣ እትዬ?»

«ገባሁ ያላሉትን የምትጭነዋን።»

«እነሱ እኮ መጨረሻ የላቸውም። መጨረሻ የሌለው እንዴት ይጠቀለላል? ለኋላ ብዬ ነው የተውኳቸው።»

«ኋላዋ የት አለች? አሳየኝ።»

ኮዱን ከላይ እስከ ታች ፈለገ። ኋላ የምትባል የለችም። ጆሮው ቀላ።

«ግን ፈትኜዋለሁ፣ እትዬ። አንድ መኪና አልጎደለም። በየቀኑ የወጣውን ከስክሪኑ ጋር አስተያይቻለሁ።»

«በየትኛው ሳምንት ዱካ ፈተንከው?»

«በፋሲካው።»

አምሳለ ሳቀች። መነጽሯን አውልቃ ዐይኗን እስክትጠርግ ሳቀች። በፋሲካ ሳምንት ደጅ የሚያድር መኪና የለም። ክርስቲያኑ ለዶሮው ይገባል፤ መጋዘኑ ዝግ ስለሆነ እስላሙም ይገባል። በዚያ ሳምንት ሁሉም ገባሁ ብሏል።

«የኔ ወንድም፣ አገር በፋሲካ ማግስት ከታየማ፣ ጦሙን ያደረ ሰው ከየት ይገኛል? በል የባለፈውን ሐምሌ ያን ጊዜ እንደነበረ አምጣልኝ፣ ጎርፉ የመጣበትን ሳምንት።»

አመጣው። ስክሪኑ አሁንም ዐይን ሳይርገበገብ ተከፈተ። መኪኖቹ ተደርድረዋል፤ ንጹሕ ነው፤ ሁሉም ደኅና ገብቷል። ሉባባ ከኋላቸው ቆማ ታይ ነበርና፣ «ጋሽ ይመር የታሉ?» አለች።

ጋሽ ይመር በዚያ ሳምንት ሚሌ አጠገብ ጎርፍ ይዟቸው የቆሙ ሾፌር ናቸው። ሉባባ ዱካቸው ከአንድ ቦታ አልነቃነቅ ሲል አይታ ሰው ልካ ነው ያስወጣቻቸው። አሁን ከታች ግቢው ውስጥ መኪናቸውን ያጥባሉ። በዚያ ሳምንት ግን ገና ገባሁ አላሉምና ስክሪኑ ላይ የሉም። ሉባባ በመስኮቱ ብቅ አለች።

«ጋሽ ይመር! ባለፈው ሐምሌ ወጥተው ነበር?»

«ጋቢናው ጣራ ላይ ተቀምጬ በግ ሲዋኝ ያየሁት ማን ነኝ ታዲያ?»

«አዲሱ ስክሪን አልወጡም ይላል!»

ጋሽ ይመር ቧንቧውን መሬት ላይ ጣሉት። «እሰይ! እንግዲያው ጎርፉም አልመጣም በይኛ! ሂጂና ለበጎቹ ንገሪያቸው!»

ግቢው ሳቀ። ሉባባ ግን አልሳቀችም። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «አምና ይኼ ስክሪን ቢሆን ኖሮ ማንን ነበር የምልከው?» አለች። «ማንም አልጎደለም ብዬ ቤቴ እገባ ነበር።»

ይኼኔ አቶ ፈጠነ ገቡ።

«አልተፈረመም እንዴ?»

ሚልኪያስ ነገሩን አስረዳቸው። አቶ ፈጠነ ሰዓታቸውን አዩ።

«ስንት ናቸው ያልገቡት? ጥቂት አይደሉም? ለጥቂት ላልገቡ ተብሎ የገባው ሁሉ ይዘግይ? ወደፊት እንሂድ እንጂ ጎበዝ!» ቀጥለው ወደ አምሳለ ዞሩ። «ወይዘሮ አምሳለ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእጅዎ ሥራ ስለተነካ እንዳይሆን?»

እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ሰው ላይ ቢወረወር ወይ ያስለቅሳል ወይ ያስፈርማል። አምሳለ ሁለቱንም አላደረገችም።

«ተነክቷል፤ መነካቱም ደግ ነው» አለች። «የኔ ስክሪን ሁሉን ይዞ ማንንም አያደርስም ነበር። የሚልኪያስ ደግሞ የሚያደርሰው እያራገፈ ነው። አቶ ፈጠነ፣ ሰው ጥሎ የሮጠ መኪና ፈጣን ነው ተብሎ አይመሰገንም። አልፈርምም።»

«ባለጭነቶቹን ምን ልበላቸው?»

መልሱን የሰጠው ሚልኪያስ ነው። ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት ሥራውን ይሟገትለታል፤ ሥራው ደግሞ ያማረ ነበር። እሱ ግን ብድግ አለ።

«እትዬ ልክ ናቸው። የጣልኳቸው እኔ ነኝ። እስከ ማታ ይታገሡኝ።»

አቶ ፈጠነ እያጉረመረሙ ወጡ። ሚልኪያስ ምሳውን ሳይበላ ተቀመጠ። እያሰበ አገጩን ያሻል፤ ይጽፋል፤ ያጠፋል። አምሳለ አጠገቡ ተቀምጣ ታየዋለች። መልሱን ብታውቀውም ባታውቀውም፣ ሰው የራሱን ስሕተት ራሱ ሲያቃና ማየት ደስ ይላት ነበር።

በመጨረሻ ጠረጴዛውን መታ።

«ተገልብጦብኝ ነበር! የገባው ምን ያስቸኩለዋል? ገብቷል። ተጠቅልሎ ይጠብቅ። አስቀድሞ መጫን ያለበት ያልገባው ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ከወጣ የቆየው!»

«ኧረ እሰይ! እሰይ የእናትህ ልጅ!» አለች አምሳለ።

ጻፈው። አምሳለ እንደ ልማዷ ከቀዩ ጀምራ አነበበች፤ ዳግመኛ አነበበች። የጎደለ የለም። አቶ ፈጠነ ተጠሩ፤ ሉባባ ነካችው። ከበፊቱ ባልተናነሰ ፍጥነት ተከፈተ። በዚያች ቅጽበት ከሰመራ ወዲህ የቆሙ ሁለት መኪኖች ሳይፈለጉ ዐይኗ ሥር ገቡ። ሉባባ ስልኳን አንሥታ ወዲያው ሰው ላከችላቸው፤ አቶ ፈጠነም ፊታቸው ፈታ አለ።

ከሁለቱ በላይ ግን፣ ከሁሉ አናት፣ አንድ ዱካ ነበረ። የድሮው ስክሪን እሱንም ይጭነው ነበር፤ ግን ከሺው ጉዞ ሥር እስኪወጣ ድረስ የጠበቀ ሰው አልነበረም። መኪናው ከቃሊቲ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ ተራራውን ይወጣል፤ ይወርዳል፤ አንድ ድልድይ ሳይሻገር ይቆማል። ከዚያ ወዲያ የለም።

«ወንድይራድ» አለች ሉባባ ቀስ ብላ።

ሚልኪያስ ስሙን አያውቀውም፤ ሾፌሩ ወጥቶ የቀረው እሱ ሳይቀጠር ነው። የሚያውቁት አቀረቀሩ። አቶ ፈጠነ ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ይኼ የድሮ ነው። ያን ጊዜ መንገዱም ተዘግቶ ነበር። ገብቷል በሉና ዝጉት። ስክሪኑም ይጽዳ።»

ሚልኪያስ ወደ አምሳለ ዞረ። አምሳለ ዱካውን እስከ ድልድዩ ድረስ በጣቷ ተከተለችው። ከዚያ ኮዱን እንዳለ፣ አንዲት ነጥብ ሳትነካ፣ ፈረመችለት።

«መንገዱን የዘጋውስ ሰው ነበረ፣ አቶ ፈጠነ» አለች። «ጉዞውን ግን ገባሁ ብሎ እስከ ዛሬ የዘጋ የለም።»