ጋሼ በጊዜ እና ሳንባዬ ላይ ያለችው ነጥብ

ሐኪም የሌለበት ሕንጻ አይቻለሁ፤ መርማሪ የሌለበት ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። በእናንተም ሕንጻ አለ። ደረጃ ላይ ስታስሉ በሩን ከፈት የሚያደርገው፣ ዓይናችሁን አየት አድርጎ “ይህ ቢጫነት ከመቼ ወዲህ ነው?” የሚለው እሱ ነው።

የእኛው መርማሪ ክቡርነታቸው ሁለተኛ ፎቅ ይኖራሉ። ዕድሜ ልካቸውን ቴሌቪዥን ሲጠግኑ ኖሩ። የሚጠገን ቴሌቪዥን ሲጠፋ ወደ እኛ ዞሩ። “ሥዕል ያው ሥዕል ነው። ጥላ ካለ ምክንያት አለው” ይላሉ። ከዚያ የተለመደው ማጽናኛ ይከተላል፦ “ግን አትስጋ፤ በጊዜ ከተያዘ ምንም አይደለም።” ይህን ማጽናኛ ሰምቶ የተኛ ሰው አላውቅም። ስማቸውም በዚሁ ቀረ፦ ጋሼ በጊዜ።

ጋሼ በጊዜ የዓለምን የሕክምና ምርምር በስልካቸው ይከታተላሉ። አንድ ጠዋት ቆሻሻ ልጥል ስወርድ ያዙኝ።

“ሰማህ? ዓይንህን ፎቶ አንስቶ የልብህን ሁኔታ የሚገምት ኮምፒዩተር እየሠሩ ነው።”

“ጥሩ ዜና ነው፣ ጋሼ።”

“ምኑ ነው ጥሩው? ልብህ ሲታመም አንተ አታውቅም ማለት እኮ ነው!”

መልካም ዜና እሳቸው አፍ ውስጥ ገብቶ በደኅና አይወጣም። ከጥቂት ደም ካንሰርን ቀድሞ ለማግኘት የሚሞክሩ ተመራማሪዎች እንዳሉ ባነበቡበት ሰሞን፣ ምድር ቤት ያለው ጸጉር አስተካካይ ጣቱን በምላጭ ቆረጠ። ደሙን ሳይጠርግ፣ ጣቱን እንደ ሻማ ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ሁለተኛ ፎቅ ወጣ። “ጋሼ፣ ካንሰር እንዳለብኝ ይዩልኝ” አለ። አዩለት። መልኩ ደስ እንዳላላቸው ነገሩት። ጸጉር አስተካካዩ ለብዙ ቀን የሰው ጸጉር ሲያበላሽ ከረመ።

የራጅ ፊልም እጃቸው ከገባማ አለቀ። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ባለው መስኮት በኩል ወደ ብርሃን ያነሡታል፣ አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ሰዉም ትንፋሹን ይይዛል። የጎረቤታችንን የሾፌሩን ፊልም ያነሡ ዕለት የጨፈኑትን ዓይን ሳይከፍቱ “ልቡ በቀኝ ነው!” አሉ። የሾፌሩ ሚስት ደረጃው ላይ ዘጭ አለች። እናቱ ለቅሶ ጀመሩ። ሾፌሩ ራሱ ቀኝ ደረቱን ይዞ “ለዚህ ነው ለካ የሚወጋኝ” አለ። አራተኛ ፎቅ የምትኖረው ነርስ ከሥራ ስትመለስ ነው የተገላገሉት።

“ጋሼ፣ ፊልሙ ላይ ያለው ሰውዬ እኮ ፊቱን ወደ እርስዎ አዙሮ ነው የቆመው! የእሱ ግራ ለእርስዎ ቀኝ ነው።”

“እኔስ ምን አልኩ? በቀኝ ይታያል ነው ያልኩት።”

እንዲህ ናቸው። ስንስቅባቸው ቆይተናል። ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ።

አልለቅ ያለኝ ሳል ነበር። አንዲት ሐኪም ሲቲ ስካን አዘዘችልኝ። ማሽኑ ውስጥ ተንጋልዬ “ትንፋሽዎን ይያዙ” ስባል፣ ሳልባል በፊት ይዤው ነበር። ምስሉን ከሐኪሟ በፊት አዲስ የገባ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ያየዋል። አይቶም የሽምብራ ፍሬ የምታክል ነጥብ ቀኝ ሳንባዬ ላይ አገኘ፤ ዙሪያዋንም በቢጫ ከበባት። ሐኪሟ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረች። ከዚያች ቢጫ ክብ በቀር ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ።

“ምንድን ናት?”

“ፕሮግራሙ ማግኘት ይችላል፤ ያገኘው ምን እንደሆነ ግን አይነግረንም” አለች።

“አንቺስ?”

“እኔም ከዚህ ምስል ብቻ አልነግርዎትም። ከዚህ በፊት ደረትዎን ሲቲ ተነሥተው ያውቃሉ? ነጥቧ ከድሮም የነበረችና ያላደገች ከሆነች ብዙ አታሰጋም። አዲስ ከሆነች ግን በመርፌ ናሙና እንወስዳለን። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ያኔ እንነጋገራለን።”

ያኔ ስለሚመጣው ነገር ሐኪም ዛሬ ማውራት ካልፈለገ፣ ታማሚው ቤቱ ድረስ ብቻውን ያወራዋል።

ከዓመታት በፊት ከመሰላል ወድቄ ጎድኔ የተሰበረ ጊዜ ሲቲ ተነሥቼ ነበር። ያነሣኝ ክሊኒክ ተዘግቷል። ፊልሙን ባለቤቴን ጠየቅኳት።

“ጋሼ በጊዜ ‘እስቲ ልየው’ ብለው አልወሰዱትም? የወሰዱትን መች ይመልሳሉ!” አለች።

እውነቷን ነው። ያን ቀን መስኮቱ ጋ አንሥተው ያሉትንም አስታወስኩ፦ “ሳንባህ የታጠበ ብርጭቆ ነው! ጥላ የሚባል የለበትም።” ከእሳቸው አፍ የሰማሁት ብቸኛው መልካም ዜና ስለነበር ፊልሙን መልሱ ብዬ አልጨቀጨቅኳቸውም።

ሮጬ ወረድኩ። ጋሼ በጊዜ የጎረቤቱን ሁሉ ፊልም በቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ አቁመው ያስቀምጣሉ። የእኔን መዘዝ አድርገው ሰጡኝ።

“አላልኩህም? ዕቃ አይጣልም! ለምን ፈለግከው?”

ነገርኳቸው። ነጥቧን፣ ሐኪሟ ያለችውን። ፊታቸውን ቀስ በቀስ ደም ከዳው።

“ያኔ... ንጹሕ ነው ብዬህ ነበር?”

“ብርጭቆ ነው ብለውኛል።”

ተቀመጡ። ሁለታችንም ገብቶናል። ያኔ በትክክል አይተው ከነበረ፣ ነጥቧ አዲስ ናት። ፊልሙን ከእጄ ወስደው ወደ መስኮቱ ሄዱ፣ ግማሽ ድረስ አነሡት፣ ከዚያ አወረዱት።

“እኔ አላየውም። እሷ ትየው። ጫማዬን ላድርግ፣ አብሬህ እሄዳለሁ።”

ታክሲ ውስጥ ፊልሙን ጭናቸው ላይ አጋድመው ዝም አሉ። ከፊታችን የተቀመጠ ሰው ደረቅ ሳል ሳለ። ጋሼ በጊዜ አንገታቸውን እንኳ አላቀኑም። በሕይወቴ እንደዚያ ያስፈራኝ ዝምታ የለም።

“ጋሼ፣ እስቲ አዲስ የወጣ ምርምር ይንገሩኝ” አልኳቸው።

“ዛሬ አላነበብኩም።”

ቢያስፈራሩኝ ምን ነበረበት? በጊዜ ከተያዘ ምንም አይደለም ቢሉኝ ምን ነበረበት?

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ጋሼ በጊዜ ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር ያንሾካሹካሉ። ከስልካቸው ምርምር የሚያነቡ መስሎኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

“ተሳስቼ ልገኝ፣ አምላኬ። አደራህን፣ ተሳስቼ ልገኝ።”

ልጅ ሆነው ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ልመና ለምነው የሚያውቁ አይመስለኝም።

ተጠራን። ሐኪሟ ፊልሙን ተቀብላ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። ፊልም የሚታይበት ባለ መብራት ሳጥን ድሮ ተነሥቷል፤ አሁን ሁሉም ነገር በስክሪን ነው። ወደ መስኮቱ ሄዳ ፊልሙን ወደ ብርሃን አነሣችው። እንደ ቴምብር የተደረደሩትን ትንንሽ ምስሎች በጣቷ እየተከተለች ወረደች። ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። እንደገና ወደ መስኮቱ ሄደች። ጋሼ በጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ሁለቱንም።

“እዚህ አለች” አለች ሐኪሟ።

“ማን?” አልኩ።

“ነጥቧ። ያኔም ነበረች። እንደ ነበረች ናት፤ አላደገችም። አሁን የሚወጋም የሚቆረጥም ነገር የለም። ለጥንቃቄ ከዓመት በኋላ አንድ ጊዜ እናያታለን።”

ትንፋሼን ከማግኘቴ በፊት ጋሼ በጊዜ ተነሥተው መስኮቱ ጋ ደርሰዋል።

“የቷ ናት? አሳዪኝ እስቲ።”

“ይቺ፣ አባቴ።”

“ይቺን እኔ አላየኋትም!”

“ለማየት ታስቸግራለች።”

“ኧረ ጭራሽ አላየኋትም! ብርጭቆ ነው አልኩት እኮ!” ወደ እኔ ዞረው ትከሻዬን ያዙ። “ተሳስቻለሁ! ሰማህ አንተ ልጅ? ምንም አላውቅም፣ ተሳስቻለሁ!”

ኮሪደሩ ላይ ተራ ለሚጠብቁት ነገሩ። ለጽዳት ሠራተኛዋ ነገሩ። መታወቂያ የሚያየው ጥበቃ ምን እንደሆነ ሳይገባው “እንኳን ደስ አለዎት” አላቸው። በሩ ላይ ስንደርስ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

“ትክክል ብሆን ኖሮስ?” አሉ መንገዱን እያዩ። “በየትኛው ዓይኔ አይህ ነበር?”

ከሐኪሟ የተመለሰልኝን ፊልም ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። በጣታቸው ነካ አደረጉት። የሰው ፊልም ሲወስዱ ጠይቀው የማያውቁ ሰው፦

“እኔ ጋ ይቀመጥ?” አሉ። “ምናልባት... ደግሞ ቢያስፈልግ።”

“እርስዎ ጋ ይቀመጥ” አልኩ።

እንዳይታጠፍ ተጠንቅቀው ብብታቸው ሥር አደረጉት።